ወርቅ ቀይ የሚሆንበት መጠን

የእርግዝና መመርመሪያ ላይ የምትወጣዋን ቀይ መስመር አብዛኞቻችን ቀለም ትመስለናለች። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ላይ ግን ወርቅ ናት። ያው በቀለበትና በሐብል የምናውቀው ወርቅ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። በዚያች ነጭ ወረቀት ላይ የሚከማቹት የወርቅ ቅንጣቶች ስፋታቸው 40 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ወርቅ እዚህ መጠን ላይ ሲደርስ ቢጫነቱን ጥሎ ቀይ ይሆናል።

ጠጋ ብለን እንየው። የወረቀቱ ጫፍ ሽንት ሲነካው፣ ፈሳሹ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው እየተሳበ ወደ ፊት ይጓዛል። መንገዱ ላይ ደርቀው የሚጠብቁ የወርቅ ቅንጣቶች አሉ፤ ፈሳሹ ሲደርስባቸው ተነሥተው አብረውት ይሄዳሉ። በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ ኤችሲጂ የተባለውን የእርግዝና ሆርሞን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተለጥፏል። ሆርሞኑ ሽንቱ ውስጥ ካለ ወርቁ ይዞት ይጓዛል። ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በዓይን በማይታይ ቀጭን መስመር የተተከለ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ እሱ ደግሞ ሆርሞኑን በሌላ ጎኑ ይቀልበዋል። ሆርሞኑ በሁለት ወገን ተይዞ ሲቆም ወርቁም አብሮ ይቆማል። አንዷን ቅንጣት ለብቻዋ ማንም አያያትም፤ ሚሊዮኖች አንድ ቦታ ሲታጎሩ ግን ቀይ መስመር ሆነው ይወጣሉ። ሆርሞኑ ከሌለ ወርቁ ያን ቦታ አልፎ ይሄድና መጨረሻ ላይ መቆጣጠሪያ የሚባለው መስመር ላይ ብቻ ይያዛል። የመቆጣጠሪያው መስመር የሚመሰክረው ወርቁ እዚያ ድረስ መድረሱን ነው። እሱ ካልወጣ ምርመራው አልሠራምና ውጤቱን አለመቀበል ነው። የኮቪድና የወባ ፈጣን መመርመሪያዎችም በመሠረቱ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ሰማያዊ መስመር የሚያወጡም አሉ፤ እነዚያ በወርቅ ፈንታ ቀለም የተነከሩ የላቴክስ ቅንጣቶችን ይጠቀማሉ።

ናኖቴክኖሎጂ ማለት ይኼ ነው። ስሙ ሲነሣ በደም ሥር ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ሮቦቶች የሚታዩት ሰው ብዙ ነው። ሐሳቡን በ1980ዎቹ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰፊው ያስተዋወቀው ኤሪክ ድሬክስለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ራሳቸውን እያባዙ ማንኛውንም ነገር አቶም በአቶም የሚገጣጥሙ ማሽኖችን እስከማለም ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ ማሽን እስከዛሬ የሠራ የለም። በየቤቱ ገብቶ የተቀመጠው ናኖቴክኖሎጂ ከዚህ ይልቅ ቀለል ያለ ነው፤ ለእኔ ግን ይበልጥ የሚገርመኝ እሱ ነው። የምናውቀውን ቁስ አሳንሶ አሳንሶ፣ የማናውቀውን ጠባይ እንዲያወጣ ማድረግ።

ናኖሜትር ምን ያህል ትንሽ ናት? አንድ ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል የምትገኝ ናት። “ቢሊዮን” የሚለው ቃል ለሒሳብ እንጂ ለስሜት ስለማይመች በሌላ መንገድ እንለካት። የአንድ ዘለላ ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። ቀይ የደም ሕዋስ 7,000 ገደማ ነው። የኮሮና ቫይረስ 100 አካባቢ ሲሆን የዲኤንኤ ክር ውፍረት 2 ናኖሜትር ብቻ ነው። ጥፍራችን ደግሞ በሰከንድ 1 ናኖሜትር ያህል ያድጋል፤ ይህን አንቀጽ አንብበን እስክንጨርስ በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች ረዝሟል ማለት ነው።

በዘርፉ የተለመደው ክልል ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ነው። 100 ላይ ድንበር የሚያበጅ የተፈጥሮ ሕግ የለም፤ ለመግባባት የተቀመጠ ቁጥር ነው። ቢሆንም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ከዚያ በታች ሲወረድ ሁለት ነገሮች መለወጥ ይጀምራሉ።

የመጀመሪያው የቁሱ ገጽ፣ ማለትም ውጫዊ ፊቱ ነው። ጎኖቹ አንዳንድ ሴንቲሜትር የሆኑ አንድ ጠጣር ኩብ እንውሰድ። ስድስት ፊት ስላለው ጠቅላላ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይህንኑ ኩብ አንዳንድ ሚሊሜትር አድርገን ብንከታትፈው 1,000 ትንንሽ ኩቦች እናገኛለን፤ የሁሉም ገጽ ሲደመር 60 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ቁሱ አልጨመረም፤ ቀድሞ ውስጥ የነበረው ወደ ውጭ ወጣ እንጂ። መከትከቱን ቀጥለን እያንዳንዷ ኩብ አንድ ናኖሜትር እስክትሆን ብንደርስ ድምሩ 6,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። በመዳፍ ተይዞ ከነበረ ቁራጭ ከእግር ኳስ ሜዳ ብዙም የማያንስ ገጽ ወጣ ማለት ነው።

ገጽ ለምን ይህን ያህል ቁም ነገር ይሆናል ቢባል፣ ኬሚስትሪ የሚካሄደው እዚያ ስለሆነ ነው። ውስጥ የተቀበረ አቶም በአራቱም ማዕዘን በጎረቤቶቹ ተከብቦ ያርፋል። ገጽ ላይ ያለው ግን ግማሽ ጎኑ ባዶ ስለሆነ ያገኘውን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። በትልቅ የብረት ቁራጭ ገጽ ላይ ያሉት አቶሞች ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸሩ ከቁጥር አይገቡም። ስፋቷ 3 ናኖሜትር በሆነች ቅንጣት ግን ከአቶሞቹ ግማሽ ያህሉ ገጽ ላይ ናቸው። በመኪና የጭስ ማውጫ ውስጥ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጡት የፕላቲነምና የፓላዲየም ቅንጣቶች በናኖሜትር የሚለኩት ለዚህ ነው። ውድ ማዕድን ውስጡ ተደብቆ ምን ይሠራል?

ወርቅ እዚህም ላይ ጉድ አሳይቷል። ወርቅ የከበረው ከማንም ጋር ባለመዋደዱ ነው፤ አይዝግም፣ አይጠቁርም። ጃፓናዊው ኬሚስት ማሳታኬ ሃሩታ ግን በ1987 በጥቂት ናኖሜትር መጠን የተበተነ ወርቅ ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ቅዝቃዜ እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድን እንደሚያቃጥል አሳየ። በቁራጭነቱ ቸልተኛ የነበረው ወርቅ ደቆ ሲታይ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ለውጥ ብርሃንና ኤሌክትሮን የሚገናኙበት ነው። በወርቅ ቅንጣት ውስጥ ያሉት ነጻ ኤሌክትሮኖች፣ ብርሃን ሲመታቸው በሳህን ላይ እንዳለ ውኃ ወዲያና ወዲህ ይናጣሉ። ቅንጣቷ በአሥር ቤት ናኖሜትሮች ስትለካ ይህ መናጥ ከአረንጓዴው ብርሃን ጋር ይገጥማል፤ አረንጓዴው ይዋጥና ቀዩ ያልፋል። ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፉ ቁሶች፣ ሰሚኮንዳክተሮች፣ ላይ ሲደረስ ነገሩ የባሰ እንግዳ ነው። ካድሚየም ሴሌናይድ የተባለውን ቁስ 2 ናኖሜትር አካባቢ አድርገን ብንሠራው ሰማያዊ፣ 6 አካባቢ ብናደርገው ቀይ ብርሃን ይሰጣል። የኬሚካል ቀመሩ አንድ ነው። ኤሌክትሮኑ የተዘጋበት ክፍል ሲጠብ ጉልበቱ ከፍ ስለሚል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። እነዚህ ኳንተም ዶት ይባላሉ። ዋጋቸው ከፍ ባሉ ቴሌቪዥኖች ስክሪን ውስጥ ቀዩንና አረንጓዴውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ ግን በካድሚየም መርዛማነት ምክንያት ብዙ አምራቾች ወደ ኢንዲየም ፎስፋይድ ዞረዋል። አሌክሲ ኤኪሞቭ፣ ሉዊ ብሩስና ሙንጊ ባዌንዲ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሰው ናኖን መጠቀም የጀመረው ናኖ የሚል ቃል ከማወቁ በፊት ነው። በለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም በአራተኛው መቶ ዘመን በሮማውያን የተሠራ የሊኩርጉስ ጽዋ የሚባል የመስታወት ዋንጫ አለ። ከፊት ሲበራበት አረንጓዴ ነው፤ መብራቱ ከውስጡ ሲሆን ደግሞ ቀይ ይሆናል። መስታወቱ ውስጥ እጅግ የደቀቀ ወርቅና ብር ተበትኗል። ሠሪዎቹ የሚያውቁት የእጅ ጥበቡን እንጂ ምክንያቱን አልነበረም። የመኪና ጎማም እንደዚሁ ነው። ጥሬ ጎማ በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የመኪና ጎማዎችም ጥቁር አልነበሩም። ያጠቆራቸው የካርቦን ጥላሸት ሲሆን ቅንጣቶቹ በአሥር ቤት ናኖሜትሮች ይለካሉ። ከ1910ዎቹ ጀምሮ በስፋት የተጨመረው ለመልክ ሳይሆን ጎማው ቶሎ እንዳይበላ ነው። በምድር ላይ በብዛት ከሚመረቱት የናኖ ቁሶች አንዱ ይኸው ጥላሸት ሆኖ ሳለ፣ “ናኖ ጎማ” ብሎ የሚያስተዋውቀው የለም።

የዘርፉ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ነው። በታኅሣሥ 29 ቀን 1959 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ባደረገው ንግግር፣ ወደ ታች ሲወረድ ገና ብዙ ቦታ እንዳለ ተናግሮ ነበር። ንግግሩ ግሩም ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የጠቀሰው ሰው ጥቂት ነው፤ “የናኖቴክኖሎጂ አባት” የሚለው ማዕረግ የመጣለት ዘግይቶ ነው። ናኖቴክኖሎጂ የሚለውን ቃል ያወጣው እንኳ ሌላ ሰው ነው፤ ጃፓናዊው ኖሪዮ ታኒጉቺ በ1974። ለእኔ ታሪኩ የሚጀምረው መሣሪያው ሲመጣ ነው። በ1981 ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር አቶምን የምትዳስስ መርፌ ሠሩ። የመርፌዋ ጫፍ ከገጹ ጋር ሳይነካካ እጅግ ተጠግቶ ያልፋል። በመካከላቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ ሾልኮ ይፈስሳል፤ መርፌዋ በ0.1 ናኖሜትር ራቅ ስትል ፍሰቱ በ10 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ዓይነ ስውር ፊትን በጣቱ ዳብሶ እንደሚለየው፣ መርፌዋም ፍሰቱን እየለካች የአቶሞቹን ኮረብታና ሸለቆ ትሥላለች። በ1986 ኖቤል አገኙበት። በ1989 ደግሞ የአይቢኤሙ ዶን አይግለር 35 የዜኖን አቶሞችን በዚሁ መሣሪያ እየጎተተ የድርጅቱን ስም ጻፈ። ከዚያ በኋላ አቶምን አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተዘጋ።

ከናኖ ሁሉ በየቀኑ በእጃችን የምንይዘው የስልካችን ቺፕ ነው። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ቺፕ 2,300 ትራንዚስተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚከፍቱና የሚዘጉ ጥቃቅን ማብሪያዎች፣ ነበሩት፤ የተሠራውም በ10,000 ናኖሜትር ደረጃ ነበር። በ2023 የወጣው የአፕል ኤ17 ፕሮ 19 ቢሊዮን ትራንዚስተሮች አሉት፤ “3 ናኖሜትር” በተባለው የአሠራር ዘዴ የተመረተ ነው። ይህ 3 ቁጥር ግን በቺፑ ላይ የሚገኝ የምንም ነገር ልክ አይደለም። በዚህ ደረጃ በሁለት ተከታታይ ትራንዚስተሮች በሮች (ፍሰቱን በሚከፍቱትና በሚዘጉት ክፍሎች) መካከል ያለው ርቀት 48 ናኖሜትር ገደማ ነው። ድሮ ቁጥሩ እውነተኛ ልክ ነበር፤ ቆይቶ የትውልድ መጠሪያ ሆነ፣ ዛሬ ከማስታወቂያ ቋንቋ ብዙም አይለይም። እንዲህም ሆኖ አሠራሩ አፍ የሚያስይዝ ነው። መስመሮቹን ለመቅረጽ የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ያስፈልጋል። ብርሃኑ የሚገኘው የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎችን በሰከንድ 50,000 ጊዜ በሌዘር በመምታት ነው። ይህን ማሽን ለገበያ የሚያቀርበው በዓለም ላይ አንድ ድርጅት ብቻ ነው፤ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል።

በክንዳችን የገባው ናኖ ደግሞ ክትባት ነው። የፋይዘርና የሞደርና የኮቪድ ክትባቶች የያዙት ኤምአርኤንኤ የተባለ የመመሪያ ክር ነው። ክሩ ብቻውን ሰውነት ውስጥ ቢገባ ኢንዛይሞች ወዲያው ይበጣጥሱታል፤ ቢተርፍም የሕዋሱን ቅጥር አያልፍም። ስለዚህ በስብ ይጠቀለላል። ጥቅሉ 100 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን በአራት ዓይነት ሊፒዶች፣ ማለትም ስብ ነክ ቁሶች፣ የተሠራ ነው። ዋናው ብልሃት ያለው ከአራቱ በአንዱ ነው። ይህ ሊፒድ ደም ውስጥ ሳለ የኤሌክትሪክ ሙል የለውም፤ አሲዳማ ቦታ ሲገባ ግን አወንታዊ ሙል ይይዛል። ሕዋሱ ጥቅሉን እንደ ምግብ ቆጥሮ በከረጢት ይውጠዋል፤ ከረጢቱ አሲዳማ ሲሆን ሊፒዱ ሙል ይዞ ግድግዳውን ይቀድና ክሩን ወደ ውስጥ ይለቀዋል። መቆለፊያው የሚከፈተው ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2023 የሕክምና ኖቤል ሲሸለሙ የተወደሰው ክሩ ላይ የሠሩት ማሻሻያ ነበር፤ ይገባቸዋልም። ይሁንና ያለ ስቡ ጥቅል ክሩ የትም አይደርስም ነበር። ለዚህ ዘዴ መንገድ የጠረገው በ2018 የተፈቀደው ፓቲሲራን የተባለ የብርቅ የነርቭ በሽታ መድኃኒት ሲሆን፣ ከእሱም በፊት በ1995 በስብ እንክብል የተሞላ የካንሰር መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር።

የጸሐይ መከላከያ ክሬም ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የናኖ ጥቅምም ጥርጣሬም እዚያ ላይ አብረው ይታያሉ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የግድግዳ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ዱቄት ነው። ቅንጣቱ ከ200 እስከ 300 ናኖሜትር ሲሆን የምናየውን ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትን ያነጣል። የቆዩት ክሬሞች ፊትን እንደ ኖራ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ቆዳው ጠቆር ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ቅንጣቱ ወደ ጥቂት አሥር ናኖሜትሮች ሲወርድ የሚታየው ብርሃን ሳይበተን ያልፋል፤ አልትራቫዮሌቱ ግን አሁንም ይያዛል። ክሬሙ መከላከሉን ሳይተው ከዓይን ይሰወራል። ወደ ደም ይገባል ወይ የሚለው ስጋት ብዙ ጊዜ ተመርምሯል፤ ጤናማ ቆዳ ላይ የተገኘው ውጤት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ቅንጣቶቹ ከላይ ባለው የሞተ የቆዳ ንጣፍ ይቀራሉ። በመርጫ መልክ ሲቀርብ ግን የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ደህንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ አይደግፈውም፤ ቆዳ የከለከለውን ሳንባ ሊያስገባ ይችላልና።

ይኸው ዱቄት መስኮት ላይም ተቀብቷል። በ2001 ለገበያ የቀረበው ራሱን የሚያጸዳ መስታወት 15 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ንጣፍ አለው። የጸሐይ ብርሃን ሲያርፍበት በላዩ ያለውን እድፍ ያፈራርሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውኃው ሳይንጠባጠብ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ጠርጎት ይወርዳል። ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ባርትሎት ያጠናው የሎተስ ቅጠል ተመሳሳይ ውጤት የሚያገኘው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ገጹ ላይ ባሉት ጥቃቅን የሰም ጉብታዎች ምክንያት ውኃው ክብ ክብ እየሆነ አቧራውን ይዞ ይንከባለላል። አንዱ ውኃን አቅፎ ይጸዳል፣ ሌላው ገፍቶ። ሁለቱም ግን “የናኖ ንጽሕና” በሚል አንድ ስም ይሸጣሉ።

እንግዲህ ስሙ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ናኖ መጠንን እንጂ ቁስን አይናገርም፤ ጥቅምንም ጉዳትንም አይናገርም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት “የማይታይ የናኖ መስታወት” የሚባል ፈሳሽ ገዝቼ ስልኬን በጥንቃቄ ቀብቼ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ስልኩ ከእጄ አምልጦ ወለል ላይ ወደቀ፤ ስክሪኑ የሸረሪት ድር መሰለ። ፈሳሹ ጭራሽ ውሸት ላይሆን ይችላል። ስልኮች ከፋብሪካ ሲወጡም የጣት ቅባት እንዳይለጠፍባቸው በናኖሜትሮች የሚለካ ስስ ሽፋን ይቀባሉ፤ ሥራውንም ይሠራል። ነገር ግን ይህን ያህል የሳሳ ነገር ከወለል ጋር የሚላተምን መስታወት እንዴት ብሎ ያድናል? ጥያቄው የመጣልኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

አሁን “ናኖ” የሚል እቃ ሳይ ቁሱ ምንድን ነው፣ ትንሽ መሆኑ ምን ይጨምርለታል እላለሁ። ከሁሉ በላይ የማስበልጠው ግን ቅንጣቱ ታስሯል ወይስ ልቅ ነው የሚለውን ነው። በስልክ ቺፕ ውስጥ ያለው ሁሉ ታስሯል፤ ቢሰበርም አይበንም። ዱቄትና መርጫ ግን ልቅ ነው። ካልሲ መካከለኛ ነው። ሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን እንዲገድል ብር የተባለው ማዕድን በናኖ መጠን ተደርጎ ጨርቅ ላይ ይነሰነሳል። በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ካልሲዎችን ውኃ ውስጥ ደጋግመው ቢያጥቧቸው አንዳንዶቹ በጥቂት እጥበት ብራቸውን ከሞላ ጎደል ለቀቁ፤ ሌሎቹ ደግሞ ምንም አልለቀቁም። ልዩነቱን ያመጣው አምራቹ ብሩን ያሰረበት መንገድ ነው። የተለቀቀው ብር ወደ ፍሳሹ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ጥሩውንና መጥፎውን ባክቴሪያ አይለይም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ቅርጽም የሚያመጣው ጣጣ አለ። ካርቦን ናኖቱዩብ ከብረት በላይ ጠንካራ፣ ከብረት ይልቅ ቀላል ተብሎ የተወደሰ ቀጭን የካርቦን ቱቦ ነው። በ2008 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ረጃጅምና ቀጥ ያሉት ቱቦዎች አስቤስቶስ እንደተባለው ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ቃጫ ያለ ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አሳየ። አጫጭሮቹና የተጠቀለሉት ያን አላሳዩም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2014 ከቱቦዎቹ አንዱን ዓይነት ብቻ ለይቶ “በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል” በሚለው ምድብ ያስገባው፣ ስለ ሌሎቹ በቂ ማስረጃ ስላልነበረ ነው። “ናኖቱዩብ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?” ብሎ በደፈናው መጠየቅ “እንጉዳይ ይበላል ወይስ አይበላም?” እንደማለት ነው።

ሕጉ የተቸገረው በዚሁ ነው። የኬሚካል ሕጎች ለረጅም ጊዜ ቁስን በስሙ እንጂ በመጠኑ አይመዘግቡም ነበር፤ በመዝገብ ላይ ወርቅ ወርቅ ነው፣ ቢጫም ቢሆን ቀይ። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 የመዋቢያ አምራቾች ናኖ የሆነውን ግብአት በዝርዝራቸው ላይ “ናኖ” ብለው እንዲጽፉ አስገደደ፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ አምራቾች የአንድን ቁስ የናኖ ዓይነቶች ለይተው እንዲያስመዘግቡ አዘዘ። የምግብ ማንጫው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ኢ171 የሚባለው፣ ታሪኩ ጥሩ ማሳያ ነው። ከቅንጣቶቹ ከፊሎቹ ናኖ ናቸው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2021 ዲኤንኤን ሊጎዳ የሚችልበት ዕድል ስላልተወገደ ደህንነቱን ማረጋገጥ እንደማይቻል ገለጸ፤ በ2022 ከምግብ ታገደ። አሜሪካ ያንኑ ቁስ ከምግቡ ክብደት 1 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ትፈቅዳለች። ሁለቱም ወገን ያየው ጥናት ብዙም አይለያይም፤ የተለያዩት እርግጠኛ ባልሆኑበት ጊዜ ሸክሙ በማን ላይ ይውደቅ በሚለው ነው። እንደ እኔ የአውሮፓው ያመዝናል፤ ከረሜላን ከማንጣት በቀር ጥቅም ለሌለው ነገር ጥርጣሬም ብዙ ነው።

መለካቱ ራሱ ቀላል አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ 20 ናኖሜትር የሆነ ዱቄት ሆድ ውስጥ ወይም ወንዝ ውስጥ ሲገባ 20 ሆኖ አይቆይም። ጨው ያገኘው ቅንጣት ከመሰሉ ጋር ይጣበቃል፤ ደም ያገኘው ፕሮቲን ይለብሳል። በመለያው ላይ የተጻፈው መጠንና ሰውነታችን የሚያገኘው መጠን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ከሁሉ ቀድሞ ያስተዋለው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ ሳይሆን አይቀርም። በ1850ዎቹ ለንደን ውስጥ፣ ከወርቅ ጨው በፎስፈረስ እየለየ ደማቅ ቀይ ፈሳሽ ሠራ። ቀዩ ነገር ሌላ ሳይሆን የደቀቀ ወርቅ መሆኑን በ1857 ጻፈ፤ አንዷን ቅንጣት እንኳ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ በዘመኑ አልነበረም። ፈሳሹ ላይ ጨው ጠብ ሲያደርግበት ቀዩ ወደ ሰማያዊ እንደሚዞርም አየ፤ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ማደጋቸው ነበር። ጨው ያልነካቸው ጠርሙሶቹ ዛሬም በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን አሉ። ወርቁ ከ160 ዓመት በላይ ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ቆይቷል፤ አሁንም ቀይ ነው።